«ናኖ ሲልቨር» ብለው የሚሸጡላችሁን ጠርሙስ አትግዙ

ወገኖቼ፣ ይህን ማስታወቂያ ሳታዩት አልቀራችሁም። ትንሽ ጠርሙስ ናት፤ «ናኖ ሲልቨር» ተብሎ ተጽፎባታል። ከሥሩ ደግሞ «አንቲባዮቲክ ያቃታቸውን ባክቴሪያዎች ይገድላል፣ የጎንዮሽ ጉዳት የለውም» ይላል። አንዱ በቴሌግራም፣ አንዱ በቲክቶክ፣ ሌላው «ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ ነው» እያለ ይሸጠዋል። እባካችሁ አትግዙት። የገዛችሁም አትጠጡት።

ጉዳዩ ቤታችን ድረስ ስለመጣ ነው የምጽፈው። አክስቴን የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን እየተመላለሰ ያስቸግራታል። ካልቸር (ባክቴሪያውን አሳድጎ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው የሚለይ ምርመራ) ተሠርቶላት የተለመዱት መድኃኒቶች እንደማይሠሩላት ተነገራት። እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ ከላብራቶሪ የወጣ ሰው ይጨነቃል። ሻጮቹም አድብተው የሚጠብቁት እሱን ነው። አክስቴም 2,800 ብር ከፍላ ጠርሙሱን ገዛች። ሻጩ «እናቴ፣ በቀን ሦስት ማንኪያ ይውሰዱ፣ የሐኪሙን መድኃኒት ለጊዜው ያቁሙት» አላት። ትኩሳቱና የጎን ውጋቱ ሲብስባት ሆስፒታል አስገባናት፤ ኢንፌክሽኑ ኩላሊቷ ደርሶ ነበር። ተመስገን፣ በመርፌ በሚሰጥ መድኃኒት ዳነች። ሻጩን ገንዘቧን መልስ ስንለው «ሰውነታቸው መርዝ እያስወጣ ነው፣ ይታገሡ» አለን። ደግመን ስንጽፍለት ብሎክ አደረገን።

ሰዎች በቀላሉ የሚታለሉት ሻጩ የሚያወራው ሁሉ ውሸት ስላልሆነ ነው። ሲልቨር፣ ማለትም ጌጥ የምንሠራበት ብር፣ እውነትም ባክቴሪያ ይገድላል። ከላዩ የሚለቀቁት አዮኖች (የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው የብር አቶሞች) የባክቴሪያውን ሽፋን ይጎዳሉ፣ ፕሮቲኖቹ ላይ ተጣብቀው ሥራቸውን ያስቆማሉ። ናኖ የሚባለው መጠኑ ከ1 እስከ 100 ናኖሜትር የሆነ ቅንጣት ነው። አንድ ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው፤ ባክቴሪያው ራሱ 1,000 ናኖሜትር ገደማ ይሆናል። ቅንጣቱ ባነሰ ቁጥር የሚጋለጠው ገጽ ይበዛል፣ አዮን የመልቀቅ አቅሙም ይጨምራል። ለዚህም ነው ናኖ ሲልቨር ያለበት ፋሻ ለቃጠሎ ቁስል የሚያገለግለው። ሲልቨር ሰልፋዳያዚን የሚባለው የቃጠሎ ቅባትም ሐኪሞች ለብዙ ዓመታት የሠሩበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር፣ ኤፍዲኤ፣ ሲልቨር የተቀባ የመተንፈሻ ቱቦ ፈቅዷል።

ልብ በሉ፤ አንዱ ፋሻ ነው፣ አንዱ ቅባት፣ አንዱ ቱቦ። የሚጠጣ የለበትም። ሲልቨር ሲጠጣ ሆድ ውስጥ ከጨውና ከፕሮቲን ጋር ይጣበቃል። ወደ ደም የሚገባውም ጥቂቱ በቆዳ፣ በጉበትና በኩላሊት ውስጥ ይጠራቀማል። ፊኛ ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ ፈልጎ ይገድላል የሚለውን በሰው ላይ በተደረገ ጥናት ያሳየ የለም። ሻጩ የሚያሳያችሁ ፎቶ የላብራቶሪ ሳህን ነው። በዚያ ሳህን ላይ በረኪናም ይገድላል።

ሌላም የሚያሳዩት ነገር አለ፤ ብዙ ሰው በእሱ ስለሚሸነፍ ልንገራችሁ። ሻጩ መብራት ያጠፋና ሌዘር በጠርሙሱ ውስጥ ያሳልፋል። የብርሃኑ መስመር ውኃው ውስጥ ጎልቶ ይታያል። «ይኸው ናኖው!» ይላል። እናንተም አንድ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ አንድ ጠብታ ወተት ጨምራችሁ ሞክሩት፤ ያው መስመር ይታያል። ብርሃኑን የሚበትነው ማንኛውም ደቃቅ ቅንጣት ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ምን እንዳለ፣ ስንት እንደሆነ፣ ንጹሕ ይሁን አይሁን ሌዘሩ አይነግራችሁም።

«ከአሜሪካ ነው የመጣው» ለሚሏችሁ ደግሞ ይህን መልሱላቸው። ኤፍዲኤ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው ደንብ፣ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ የሚሸጡ ሲልቨር ያለባቸው መድኃኒቶች ደኅንነታቸውም ፈዋሽነታቸውም ተቀባይነት እንደሌለው ወስኗል። እዚያ በሱቅ የሚገኘው «ሰፕልመንት»፣ ማለትም የምግብ ማሟያ፣ ተብሎ ነው፤ በሽታ ያድናል ብሎ መሸጥ አይፈቀድም። አንዳንዱ ጠርሙስ ላይ «በኤፍዲኤ የተመዘገበ» ይላል። የማምረቻ ቦታን ማስመዝገብና መድኃኒቱን ማስፈቀድ ለየቅል ናቸው። በኮቪድ ጊዜ፣ በ2020፣ ጂም ቤከር የተባለው የቴሌቪዥን ሰባኪ በዝግጅቱ ላይ ሲልቨር ሲሸጥ የሚዙሪ ግዛት ከሶታል። በ2021 በተደረሰው ስምምነት ለገዢዎች ወደ 156,000 ዶላር እንዲመለስ ተወስኗል። እዚህ አገር በቴሌግራም ከገዛችሁት ማን ይመልስላችኋል?

የጎንዮሽ ጉዳት የለውም የሚለውን ደግሞ ከስታን ጆንስ ታሪክ እዩት። በሞንታና ግዛት በ2002 ለአሜሪካ ሴኔት የተወዳደረ ሰው ነው። 2000 ሲገባ ኮምፒውተሮች ይበላሻሉ፣ አንቲባዮቲክም ይጠፋል ብሎ ሰግቶ፣ ከ1999 ጀምሮ ራሱ ያዘጋጀውን ሲልቨር ይጠጣ ነበር። ቆዳው ወደ ሰማያዊ ግራጫ ተቀየረ። አርጂሪያ ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜ አንዴ ከመጣ አይለቅም።

ከቆዳው በላይ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ይህ ነው። ሲልቨር አንዳንድ መድኃኒቶች በደንብ ወደ ደም እንዳይገቡ ያደርጋል። ከነሱ መካከል ሲፕሮፍሎክሳሲን (ሲፕሮ) ያለበት የአንቲባዮቲክ ወገን፣ ቴትራሳይክሊንና የእንቅርት ሕሙማን የሚወስዱት ታይሮክሲን አሉ። እስቲ አስቡት። ሁለቱንም አብሮ የሚወስድ ሰው የሐኪሙ መድኃኒት በሚገባው መጠን አይደርሰውም። ባክቴሪያው ሳይሞት መድኃኒቱን የሚለምደው እንዲህ ሲሆን ነው። በዓለም ላይ በ2019 ብቻ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በቀጥታ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደሞተ ተገምቷል። በዚህ ላይ እሳት የሚጨምር ነገር ነው በገንዘባችን የምንገዛው።

«ባክቴሪያ ሲልቨርን ሊለምደው አይችልም» የሚለውም ትክክል አይደለም። በ1975 ከቦስተን አንድ ሆስፒታል የቃጠሎ ክፍል ሲልቨርን የሚቋቋም ሳልሞኔላ መገኘቱ ተዘግቧል፤ ሦስት ሕሙማን ሞተዋል። በ2018 ደግሞ የቼክ ተመራማሪዎች ኢ. ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ለናኖ ሲልቨር ደጋግሞ ሲጋለጥ የሚያደርገውን አሳዩ። ባክቴሪያው ፍላጀሊን የሚባል ፕሮቲን ያመነጫል፣ ቅንጣቶቹም ተጣብቀው ጥርቅም ይሆኑና ኃይላቸው ይዳከማል።

ናኖቴክኖሎጂን ራሱን እንዳትጠሉብኝ። ለካላዛር (በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ በሽታ) ሕሙማን በአገራችን ሆስፒታሎች በደም ሥር የሚሰጠው አምቢሶም የሚባለው መድኃኒት 100 ናኖሜትር እንኳ በማይሞላ የስብ ከረጢት የታሸገ ነው። ያነጣጠረው ባክቴሪያ ላይ ሳይሆን ጥገኛ ተህዋስ ላይ ነው እንጂ ዘዴው ያው ነው። በ2018 ኤፍዲኤ ለአስቸጋሪ የሳንባ ባክቴሪያ የፈቀደው አሪኬስም አሚካሲን የሚባለውን አንቲባዮቲክ በስብ ከረጢት ከቶ ወደ ሳንባ በትንፋሽ የሚያስገባ ነው። እነዚህ በሰው ላይ ተሞክረው፣ መጠናቸው ታውቆ፣ በሐኪም ትዕዛዝ የሚሰጡ ናቸው። በሾርባ ማንኪያ የሚለካ የለባቸውም።

መድኃኒት አልሠራም የተባላችሁ ሰዎች፣ የካልቸር ውጤታችሁ ላይ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ ተጽፎ እንደሆነ ጠይቁ። የተለመዱት እምቢ ሲሉ ብዙ ጊዜ ሌላ የሚሠራ ይገኛል፤ መርፌም ቢሆን። ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ ሐኪማችሁ ተመለሱ።

ጠርሙሱን ጀምራችሁ ከሆነ ዛሬውኑ አቁሙ። ምን ያህል ጊዜ እንደወሰዳችሁ ለሐኪማችሁ ሳትደብቁ ንገሩ፤ በተለይ ሲፕሮ፣ ዶክሲ (ዶክሲሳይክሊን፣ ከቴትራሳይክሊን ወገን) ወይም የእንቅርት መድኃኒት የምትወስዱ። ድዳችሁ ወይም ጥፍራችሁ ግራጫ እየሆነ ከመጣ ሳትዘገዩ ታዩ። ጠርሙሱን አትጣሉት። ከሻጩ ጋር የተጻጻፋችሁትን ስክሪንሾት አንሱ፣ የከፈላችሁበትን ደረሰኝ ያዙ፣ ከዚያ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነፃ መስመር 8482 ደውሉ። እኛ ደውለናል።