ከካራ ማዶ፣ በቅዳሜ የሚሰጠው የሙከራ ንድፍና የስታቲስቲክስ ሥልጠና

ለሥነ ልሳን ተመራማሪዎች የሙከራ ንድፍንና የስታቲስቲክስ ትንተናን የሚያስተምረውን የስምንት ቅዳሜ ሥልጠና የተከታተልሁት፣ ከኮተቤ ካራን አልፎ ወደ ለገጣፎ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ቆርቆሮ ክዳን ባለው አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ወደዚያ የወሰደኝ የማስተርስ ማሟያ ጽሑፌ ረቂቅ ድምዳሜው በመረጃው አይደገፍም ተብሎ መመለሱ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅዳሜዎች ላፕቶፕ ሳይከፈት አለፉ፤ ያን ጊዜ ትዕግሥቴን ቢፈታተነውም፣ የሥልጠናው ምርጥ ክፍል ይህ እንደሆነ አሁን አምናለሁ። «አስተማሪው ተማሪውን ጠራ» እና «ተማሪውን አስተማሪው ጠራ» የሚሉት ዓረፍተ ነገሮች ሰሌዳ ላይ ተጻፉ። ተናጋሪዎች ሁለተኛውን ቅደም ተከተል ምን ያህል እንደሚቀበሉት ከ1 እስከ 7 ነጥብ እያሰጡ መለካት ይቻላል፤ ሆኖም አንድ ሰው ሁለቱንም ካየ የጥያቄውን ዓላማ ሊገምት ይችላል። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሮቹ በሁለት ዝርዝር ተደልድለው፣ እያንዳንዱ ተሳታፊ ከየጥንዱ አንዱን ብቻ፣ ከሁለቱም ዓይነት ግን እኩል ቁጥር እንዲያይ ይደረጋል። ላቲን ስኩዌር የሚባለው አደላደል ይህ ነው። በመካከሉም ማዘናጊያ ዓረፍተ ነገሮች ይገባሉ፣ የአቀራረባቸው ተራም በዕጣ ይወሰናል።

እኔን በቀጥታ የነካኝ ግን የመጥበቅና የመላላት ልምምዱ ነው። «ገና» የሚለው ቃል ላልቶ ሲነበብ «እስካሁን»፣ ጠብቆ ሲነበብ የልደት በዓል እንደሆነ፣ ፊደላችንም ይህን ልዩነት እንደማያሳይ ሁላችንም እናውቃለን። እንዲህ ያሉ 20 ቃላትን 8 ሰዎች ሦስት ሦስት ጊዜ እንዲያነቡ አድርገን ቀዳን፣ የተነባቢዎቹንም ርዝመት ፕራት በተባለው ሶፍትዌር በሚሊሰከንድ ለካን። 480 ልኬት በእጄ ስለገባ በኩራት ቲ-ቴስት (የሁለት ቡድኖችን አማካይ የሚያወዳድር ፈተና) ልሠራ ስል፣ አሠልጣኙ «እነዚህ የስንት ሰው ድምፅ ናቸው?» ብለው ጠየቁኝ። የስምንት ነበሩ። ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ስድሳውንም ልኬቶቹን ስለሚያስረዝም፣ እያንዳንዱን ልኬት ራሱን እንደቻለ ማስረጃ መቁጠር ስህተት ነው፤ የተመለሰው ረቂቄም የወደቀው እዚሁ ላይ ነበር። ቃላቱም ቢሆኑ ከቋንቋው የተወሰዱ ናሙና ናቸው፤ የቋንቋ ሥነ ልቦና ተመራማሪው ኸርበርት ክላርክ በ1973 እ.ኤ.አ. ያስጠነቀቀውም ይህንኑ ነው። ሁለቱንም የልዩነት ምንጮች፣ ሰዎቹንና ቃላቱን፣ በአንድ ላይ የሚይዘውን ሚክስድ ኢፌክትስ ሞዴል አር በተባለው ነፃ ሶፍትዌር ሠራን።

የፒ-ቫልዩ ማብራሪያቸውም ግልጽ ነበር። ውጤቱ 0.03 ሲሆን መላምቴ 97 በመቶ እውነት ነው ማለት እንዳልሆነ፣ ይልቁንም ምንም ልዩነት ባይኖር ኖሮ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የሚበልጥ ልዩነት የማግኘት ዕድል 3 በመቶ መሆኑን ሳንቲም እየጣሉ አሳይተውናል።

ጉድለቶችም አሉ። ከሁሉ የከበደው ሞዴል አንድ ቅዳሜ ብቻ ተሰጥቶታል፤ ያም ቀን መብራት ጠፍቶ ባትሪ የነበረን አራት ሰዎች ብቻ ቀጠልን። የልምምድ መረጃዎቹ በአብዛኛው የእንግሊዝኛ በመሆናቸው፣ የግዕዝ ፊደል ያለው ፋይል አር ውስጥ ሲከፈት ተበላሽቶ በታየን ጊዜ ግማሽ ቀን ባከነ፤ ፋይሉን የግዕዝን ጨምሮ የብዙ ቋንቋዎችን ፊደላት በሚይዘው በዩቲኤፍ-8 ኮድ ማስቀመጥ እንደሚበቃ ቀድሞ ቢነገረን መልካም ነበር። አሠልጣኙ ጥያቄን የማይሰለቹና ስህተትን ሳያሳፍሩ የሚያርሙ ሰው መሆናቸውን ግን ሳልመሰክር አላልፍም።

መረጃ መሰብሰብ ላልጀመረ ተማሪ ሥልጠናውን አጥብቄ እመክራለሁ፤ ሰብስቦ ለጨረሰ ሰው ጥቅሙ ያነሰ ነው፣ ንድፉ ላይ የተሳተውን ስታቲስቲክስ አያቀናውምና። የራስን የምርምር ጥያቄና የሞላ ባትሪ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። የክረምቱ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ ሁለት ቅጂዎቻችን ከጥቅም ውጪ ስለሆኑ፣ ድምፅ ለመቅዳት የሚያስብ ሰው መስከረም ጠብቶ የሚጀመረውን ዙር ቢጠብቅ ይሻለዋል።