ለባለሳይክል ትንሽ ስጦታ፦ ፓምፕ፣ ፓች፣ መብራት ወይስ ዘይት?

ወንድሜ የኮርስ ሳይክል ነው የሚነዳው። ልደቱ ላይ ትንሽዬ የእጅ ፓምፕ ገዝቼ ሰጠሁት፣ በጣም ደስ አለው፣ ግን ጎማውን ሊነፋ ሲል የፓምፑ አፍ ከቫልቩ ጋር አልገጥም አለ። የሱ ቫልቭ ቀጭኑ፣ ፕሬስታ የሚባለው ነው፣ እኔ የገዛሁት ደግሞ እንደ መኪና ጎማ ላለው ወፍራም ቫልቭ (ሽሬደር ለሚሉት) ብቻ የተሠራ። ከዛ በኋላ ለሳይክል ነጂ ምንም ነገር ከመግዛቴ በፊት መጀመሪያ የማየው ቫልቩን ነው። እናንተም ሳያያችሁ በስልክ አንድ ፎቶ አንሱ፣ የጎማው ጎን ላይ ያለውን የመጠን ቁጥርም ጨምሩበት፣ 26 ይሁን 27.5 ይሁን 29 ወይ 700።

ቫልቩ ፕሬስታ ከሆነ ከፓምፕ በፊት አዳፕተር እመርጣለሁ። ጥፍር የምታክል የብረት ቆብ ናት፣ ከሁሉም ስጦታ ርካሿ፣ ቫልቩ ላይ ስትጠብቅ ወደ መኪና ዓይነት ትቀይረዋለች፣ ያኔ የትኛውም ጎሚስታ ወይ ማደያ ጋ ቆሞ መንፋት ይችላል ማለት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ጎሚስታ ከሳይክል ሱቅ መቶ ጊዜ ይቀርባል። ሲሰጡት ግን አንድ ነገር ንገሩት፣ የቀጭን ጎማ አየር ትንሽ ስለሆነ የጎሚስታው ኮምፕሬሰር በሰከንዶች ነው የሚሞላው፣ ቶሎ ቶሎ እየነካኩ መልቀቅ እንጂ ተጭኖ መቆየት ካላማዳሪያውን ያፈነዳዋል።

ፓምፕ የሚያዋጣው ከከተማ ለሚወጣ ሰው ነው፣ እንጦጦ ለሚወጣ፣ በሱሉልታ ለሚሄድ። ለማውንቴን ጎማ ብዙ አየር በአንዴ የሚገፋውን ወፈር ያለ ፓምፕ ፈልጉ፣ ምክንያቱም ጎማው ሰፊ ነው ግን ከ30 እስከ 40 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ይበቃዋል። የኮርስ ጎማ ከ80 እስከ 100 ስለሚፈልግ ለሱ ቀጭኑና ረዘም ያለው ይሻላል፣ ወፍራሙ ከተወሰነ በኋላ እጅ አልገፋ ይላል። ሁለቱንም ቫልቭ የሚይዝ አፍ ያለው ካገኛችሁ ትንሽ ጨምራችሁም ቢሆን እሱን ውሰዱ።

ፓች፣ የተበሳ ካላማዳሪያ የሚደፈንበት፣ ሁለት ዓይነት አለ። ማስቲሽ የሌለው፣ እንደ ስቲከር ልጦ የሚለጠፈው ፈጣን ነው፣ ቤት ያደርሳል፣ ግን ብዙ አይቆይም። ባለማስቲሹ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግ ፈተግ ተደርጎ፣ ማስቲሹ ስስ ሆኖ ተቀብቶ ደረቅ እስኪል አምስት ደቂቃ ያህል ተጠብቆ ነው የሚለጠፈው፣ እንደዛ ከተሠራ ከጎማው ጋር ይኖራል። ችግሩ የማስቲሹ ቱቦ አንዴ ከተከፈተ ውስጡ ይደርቃል፣ ስለዚህ የታሸገ ግዙ። ለከተማ ነጂ ግን ከሁለቱም የምመርጠው ጎማ ማውጫ ፕላስቲኩን ነው፣ በሁለት ወይ በሦስት ይሸጣል፣ በካቻቢቴ ሲያወጡ ስንት ደህና ካላማዳሪያ እንደሚበሳ ያየሁ ሰው ነኝ።

መብራት ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሕይወት ያለው እዚህ ላይ ነው። አንድ ብቻ መግዛት ከቻላችሁ የኋላውን ቀዩን ግዙ፣ ከፊት የሚመጣውን ነጂው ያየዋል፣ ከኋላ የሚመጣውን ሚኒባስ ግን አያየውም። ቻርጅ የሚደረግ ወይስ ባለባትሪ የሚለው በሰውየው ቤት ይወሰናል። መብራት ቶሎ ቶሎ የሚጠፋበት ሰፈር ከሆነ ወይ ቻርጅ ማድረግ የሚረሳ ሰው ከሆነ ሰፈር ሱቅ የሚገኘውን ትንሹን የሪሞት ባትሪ የሚበላው ያዋጣል፣ የሳንቲም ቅርጽ ባትሪ የሚፈልጉት ርካሽ ይመስላሉ ግን ባትሪው ሲያልቅ ፍለጋው ያደክማል። ቻርጅ የሚደረገውን ከመረጣችሁ ታይፕ ሲ ይሁን፣ በስልኩ ገመድ ይሞላዋል። በላስቲክ የሚታሰረው ደግሞ በብሎን ከሚታሰረው ይሻላል፣ ሳይክሉን አቁሞ ሲገባ ነቅሎ ኪሱ ይከተዋል፣ አለበለዚያ ሲወጣ አያገኘውም። ለመብራት ብር ካልበቃ የኮንስትራክሽን ሠራተኞች የሚለብሱት አንጸባራቂ ሰደርያ አለ፣ ያለ ባትሪ ይሠራል፣ ስጦታ አይመስልም እንጂ እኔ ለወንድሜ ሁለተኛ የገዛሁለት እሱን ነው፣ ማታ ሲመጣ ከሩቅ አየዋለሁ።

ዘይት ለክረምት ጥሩ ነው። ብዙ ሰው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ካቴናው ላይ ያፈስበታል፣ ያ አቧራ ሰብስቦ ጥርሱን ይበላዋል። ለሳይክል የተሠራው በትንሽ ጠርሙስ ይመጣል፣ ለዝናብ ወፍራሙ፣ ለበጋ አቧራ ደረቅ የሚባለው፣ አንዱ ጠርሙስ ወራት ይቆያል።

ከአሜሪካ ወይ ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ታጣፊ መፍቻ አስመጡ፣ 4፣ 5 እና 6 ሚሊሜትር የአለን ቁልፍ (ባለስድስት ጎኑ) ይኑርበት፣ የሳይክል ብሎን አብዛኛው በነዚህ ይፈታል። ደወልም ቀላል ስጦታ ነው፣ አዲሶቹ የሳይክል መንገዶች ላይ እግረኛ ስለሚበዛ በየቀኑ ያስፈልገዋል፣ ግን ኤሌክትሪኩን ትታችሁ በጣት የሚመታውን የብረቱን ግዙ፣ ዝናብ አያበላሸውም።