ኤንፒኤስ ማዳበሪያ በበቆሎና ቦሎቄ ማሳ ላይ፦ ቦሎቄው ወዶታል

በቆሎና ቦሎቄ አሰባጥራችሁ የምትዘሩ ካላችሁ ይቺን አንብቡልኝ። እኔ ያየሁት ሜጫ አካባቢ ቀይ አፈር ላይ ነው፤ መረሬ (ጥቁር ጭቃ አፈር) ላይ ያላችሁ ሌላ ነገር ልታዩ ትችላላችሁ።

ጆንያው 50 ኪሎ ነው። ውስጡ 19 በመቶ ናይትሮጅን፣ 38 በመቶ ፎስፌት (ፎስፈረሱ ያለበት)፣ 7 በመቶ ሰልፈር አለ። ዳፕ የሚባለው ማዳበሪያ ፎስፌቱ 46 በመቶ ነው፤ ስለዚህ "ዳፕ ይሻል ነበር" የሚሉት ሰዎች በዚህ በኩል እውነት አላቸው። ግን ዳፕ ሰልፈር የለውም፣ ቦሎቄ ደግሞ ያለ ሰልፈር ፕሮቲኑን በደንብ አይሠራም። እኛ ለጥማድ (ሩብ ሄክታር) 25 ኪሎ እንጠቀማለን፣ አንዱ ጆንያ ለሁለት ጥማድ ይበቃል።

ለውጡ ጎልቶ የታየኝ ቦሎቄው ላይ ነው። አበባ ሲያወጣ አንዱን እግር ነቅላችሁ ሥሩን በውሃ እጠቡት። ማዳበሪያ ያገኘው ላይ ትናንሽ እባጮች ተንዠርግገዋል፣ በጥፍር ስትሰነጥቁት ውስጡ ሮዝ ነው፤ ይሄ ማለት ናይትሮጅን ከአየር እየያዘ ነው። ያላገኘው ሥሩ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ሲወቃም ልዩነቱ ይታያል፤ ፍሬው ሞላ ያለ፣ እኩል እኩል ነው፣ ጭምድድ ያለው ትንሽ ነው። ነጋዴ እኮ መጀመሪያ እፍኝ አድርጎ የሚያየው እሱን ነው።

በቆሎውም ቢሆን በልጅነቱ ቅጠሉ ወይን ጠጅ መምሰሉን ትቷል። ፍሬው እስከ ጫፍ እንዲሞላ ግን ዩሪያ (የናይትሮጅን ማዳበሪያ) የግድ ነው። ዩሪያውን በበቆሎው እግር ስር ብቻ አድርጉት፣ ቦሎቄው ላይ አትበትኑ። ናይትሮጅን የጠገበ ቦሎቄ ይሰንፋል፣ ቅጠል ብቻ ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ብዙ ሰው ማዳበሪያውን በበቆሎው ፈር ላይ ብቻ ያደርጋል። የበቆሎ መስመር 75 ሳንቲ ሜትር ተራርቆ ነው የሚዘራው፣ ቦሎቄው መሃል ላይ ነው፣ ፎስፈረስ ደግሞ እንደ ዩሪያ በውሃ አይሄድም፣ ያስቀመጡት ቦታ ቁጭ ይላል። እና ቦሎቄው ምን ይብላ? ለሁለቱም ፈር አካፍሉ፣ ከዘሩ ጋር እንዳይነካካ ትንሽ አፈር በመሃል ጣል አድርጉ። መበተን ገንዘብ መበተን ነው። በተለይ አሲዳማ አፈር ላይ ብረቱና አሉሚኒየሙ ፎስፈረሱን ጠፍሮ ይይዘዋል፤ እዚያ ኖራ ሳያደርጉ ኤንፒኤስ ብቻውን አያዋጣም።

"ብዙ ባደርግ ብዙ ጥራት" የሚባለውም ልክ አይደለም። ፎስፈረስ ሲበዛ ተክሉ ዚንክ መውሰድ ያቅተዋል፣ ፍሬው ውስጥም ፋይቴት ይጨምራል፤ እሱ ደግሞ ሆዳችን ውስጥ ዚንክና ብረት አስሮ ያስቀራል። (ቦሎቄውን አሳድሮ መዘፍዘፍ ትንሽ ይረዳል፣ እናቶቻችን ያውቁበታል።) ፍሬው አምሮ ገንቢነቱ ቢቀንስ ማን ያያል?

ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። አንዷን የቀነስኩት በማዳበሪያው ሳይሆን በአቅርቦቱ ነው። እኛ ጋ ማኅበሩ ያመጣው ዘር መሬት ከገባ በኋላ ነበር፣ ከፊሉም እርጥበት አግኝቶት በድንጋይ እየፈጨን ነው የተጠቀምነው። ዩሪያ ቢዘገይ ይቻላል፣ ይሄኛው ግን ከዘር ጋር ካልገባ ለዚያ ዓመት ብዙም አይጠቅምም።