ለ454 ሞተር የትኛው ራዲያተር? መዳብ ወይስ አሉሚኒየም

እ.ኤ.አ. የ1970 ሼቭሮሌት ሼቬል በኤልኤስ6 ሞተሩ 454 ኪዩቢክ ኢንች (7.4 ሊትር) እና 450 የፈረስ ጉልበት ነበረው። የዚህን ሞተር ሙቀት በዝገትና በደለል የተደፈነ አሮጌ ራዲያተር አይችለውም። ሊገዙ ሲሄዱ ሻጩ "ባለ አራት ረድፍ ይሻላል" ይላል። የረድፍ (ውሃው የሚያልፍባቸው ቱቦዎች ድርድር) ብዛት ብቻውን ግን ምንም አይነግራችሁም።

መዳብ ሙቀት በማስተላለፍ አሉሚኒየምን ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ይበልጣል። ችግሩ አሠራሩ ላይ ነው። በመዳብና ናስ ራዲያተር ውስጥ ቱቦዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ኢንች ብቻ ስፋት አላቸው፤ ሙቀቱን ለአየር ከሚሰጡት ስስ ክንፎች ጋር የሚያያዛቸው የእርሳስና ቆርቆሮ ብየዳም ሙቀቱን እንደ መዳቡ አያሳልፍም። አሉሚኒየም ግን ቀሎ ስለሚጠነክር ቱቦው አንድ ኢንችና ከዚያም በላይ ይሰፋል። ስለዚህ በደንብ የተሠራ ባለ ሁለት ረድፍ አሉሚኒየም ባለ አራት ረድፉን መዳብ ይስተካከላል፤ ብዙ ጊዜም ይበልጠዋል። ክብደቱም ያነሰ ነው። በወፍራሙ መዳብ አራተኛው ረድፍ ላይ የሚደርሰው አየር የፊተኞቹ ሦስቱ ያሞቁት ነው።

መዳብ የሚያሸንፈው በጥገና ነው። ቢያፈስ በራዲያተር ሠሪ ቤት ተበይዶ ይመለሳል፤ መኪናው ከፋብሪካ እንደወጣ እንዲቆይ ለምትፈልጉም ሌላ ምርጫ የለም። አሉሚኒየም የሠለጠነ በያጅ ይጠይቃል። የቧንቧ ውሃ ብቻ ከሞላችሁበት ወይም የሞተሩ የኤሌክትሪክ መሬት መስመር (ሞተሩን ከባትሪው አሉታዊ ጫፍ ጋር የሚያገናኘው ሽቦ) ደካማ ከሆነ ከውስጥ ይበላል። ፕላስቲክ ታንክ ያለው ርካሹ ዓይነት ለዚህ ሞተር አይመከርም።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት መኪናው መቼ እንደሚሞቅ እዩ። መብራት ላይ ቆሞ ሞቆ ሲንቀሳቀስ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ጉድለቱ አየር ነው፤ ማራገቢያውን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው ክላች ደክሟል፣ ወይም ዙሪያውን የሚያቅፈው ሽፋን የለም። ሽፋን ከሌለ ማራገቢያው ከራዲያተሩ ፊት ሳይሆን ከጎን ያለውን አየር ይስባል፤ ትልቅ ራዲያተር መግዛትም አይጠቅምም። በአውራ ጎዳና በፍጥነት ሲነዳ የሚሞቅ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ነፋሱ ራሱ ስለሚበቃ አብዛኛውን ጊዜ ራዲያተሩ ተደፍኗል ወይም አንሷል ማለት ነው። የታችኛውን ጎማ ቱቦም ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ሲሠራ ተመልከቱት፤ ፓምፑ ሲስብ ከተጨመቀ ውሃው ይቋረጣል። ውስጡ ሽቦ ያለው ቱቦ ይህን ያስቀራል።

ኤሌክትሪክ ማራገቢያ ለሚያስቡ፦ ጠንካራ የሆኑት ከ30 አምፔር በላይ ይወስዳሉ፤ የዘመኑን ትንሽ ዲናሞ ያስጨንቃሉ። ጥሩ ክላች ያለው የፋብሪካው ማራገቢያ ከሙሉ ሽፋን ጋር ለእኔ ይመረጣል።

መኪናውን በየሳምንቱ ለሚነዳ ባለ ሁለት ረድፍ፣ አንድ ኢንች ቱቦ ያለውን ሙሉ አሉሚኒየም እመርጣለሁ። በግማሽ ውሃና በግማሽ አንቲፍሪዝ ሙሉት፤ ባለ 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ክዳን ሲደረግበት የሚፈላው 129 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ከማዘዛችሁ በፊት ከራዲያተሩ እስከ ማራገቢያው ያለውን ርቀት ለኩ፤ አዲሱ ራዲያተር ሲወፍር የማራገቢያው ክንፍ ሊነካው ይችላል።