ያለ ቃል የሚናፍቅ ፒያኖ፦ የእማሆይ ጽጌማርያምን አልበም ከእማዬ ጋር ሰማሁት

ሳላንዛዛ ልንገራችሁ፤ ይህን አልበም ስሙት። መግዛት የምትችሉ ግዙት። ካልሆነም በስልካችሁ ከፍታችሁ፣ ሥራ ሳትይዙ፣ አንድ ምሽት ስጡት።

የማወራው ስለ እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ነው። ኢትዮፒክስ በሚባለው ተከታታይ የሙዚቃ ስብስብ ውስጥ 21ኛው ቁጥር የእሳቸው ነው፤ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። 16 ዜማ አለው። ዘፋኝ የለም። ከበሮ የለም። አንዲት መነኩሴና አንድ ፒያኖ ብቻ።

እኔ አዳማ ነው ያደግሁት። እማዬ ግን የአሰብ ልጅ ናት። በ1983 ዓ.ም. ሁሉም ነገር ሲገለባበጥ በጅቡቲ በኩል ዞራ ነው የመጣችው፤ እስከ ዛሬም ይህን ከተማ ናዝሬት እንጂ አዳማ ብላ ስትጠራው ሰምቼ አላውቅም። ስለ አሰብ ስጠይቃት መልሷ አንድ ነው። «ተይው፣ ያለፈ ነገር ነው።» እኔም እየቆየሁ መጠየቄን ተውኩ። ይህን የምነግራችሁ አልበሙን ከሰማሁበት መንገድ ጋር ስለሚገናኝ ነው።

መጀመሪያ የሰማሁት በተሳሳተ ዕቃ ነው። ፍራንኮ አካባቢ ከአንድ ሱቅ የገዛሁት የብሉቱዝ ስፒከር ነበር፤ ሻጩ «ቤቱን ነው የሚያንቀጠቅጠው» ብሎ ነው የሸጠልኝ፣ እውነቱንም ነው፣ ያንቀጠቅጣል። ለፒያኖ ግን አይሆንም። ቤዙ እየጎላ የግራ እጃቸውን ዋጠው። እንደ ጉርምርምታ ብቻ ይሰማል። የቀኝ እጃቸው ደግሞ እንደ ቆርቆሮ ይጮሃል። ሁለት ዜማ ሰምቼ ዘጋሁት፤ «ሰው የሚያወራለት ይሄ ነው?» አልኩ። በኋላ ተራ ኢርፎን ሰክቼ ስሰማው ሌላ ነገር ሆነ። ስለዚህ መጀመሪያ ምክሬን ያዙ፦ ቤዝ የሚጨምር ስፒከር አትጠቀሙ። የስልኩ የራሱ ድምፅ ይሻላል።

አሁን ወደ ሙዚቃው። አገራችን ፒያኖ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ኪቦርድ ነው፣ ለዘፋኝ የሚያጅብ። እሳቸው ማንንም አያጅቡም። አጨብጭቡ ብትባሉ አትችሉም፤ ምቱ እንደ ሰው አተነፋፈስ ነው፣ ይሄድና ይቆማል፣ እንደገና ይነሳል። ቅኝቱ የኛው ነው፤ ትዝታን ሰምቶ ያደገ ሰው ወዲያው ያውቀዋል፤ የቤተ ክርስቲያን ዜማም ከሥሩ አለ። ጣቶቹ ግን የአውሮፓን ክላሲካል የተማሩ ጣቶች ናቸው። የቀኝ እጃቸው አንዷን ድምፅ ይዞ ዙሪያዋን ሲሽከረከር የመሲንቆ መታጠፊያ ይመስለኛል። ደግሞ የሚያርፉበት ድምፅ ላይ ሊደርሱ ሲሉ ትንሽ ይዘገያሉ። ያቺን መዘግየት አስተውሏት። ቤቱ በር ላይ ደርሶ ከማንኳኳቱ በፊት የቆመ ሰው ነው የምትመስለኝ።

ይህ አጨዋወት ከየት እንደመጣ ሕይወታቸውን ሳያውቁ መገመት ይከብዳል። በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ፤ ስማቸው የውብዳር ነበር፣ አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው። በ6 ዓመታቸው ከእህታቸው ከስንዱ ገብሩ ጋር ስዊዘርላንድ ለትምህርት ተላኩ። ስድስት ዓመት! የኔ እህት ልጅ 6 ዓመቷ ነው፤ ያለ እናቷ ጎረቤት እንኳ አታድርም። ተመልሰው ብዙ ሳይቆዩ ጣሊያን መጣ። እ.ኤ.አ. በ1937 ከቤተሰባቸው ጋር ተግዘው መጀመሪያ አሲናራ ወደምትባል የጣሊያን ደሴት፣ ከዚያ ኔፕልስ አጠገብ ወዳለች መርኮሊያኖ ተወሰዱ። ያኔ 13 ዓመታቸው ነው። ከጦርነቱ በኋላ ካይሮ ሄደው ከፖላንዳዊው የቫዮሊን መምህር ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ተማሩ። ለንደን ሄደው ለመማር የነበራቸው ዕድል ሲከለከል ሁሉን ትተው መነኮሱ፤ 21 ዓመታቸው ነበር። ግሸን ማርያም ወጥተው 10 ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው ኖሩ። መጨረሻ ላይ እ.ኤ.አ. በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ። እዚያ የኢትዮጵያ ገዳም ውስጥ፣ ፒያኖ ባለባት ትንሽ ክፍል ኖረው፣ መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው አረፉ።

እንግዲህ ይህን አውቃችሁ የመጀመሪያውን ዜማ ስሙት። ርዕሱ ወደኛ ሲመለስ «ቤት አልባዋ ተንከራታች» እንደ ማለት ነው። ዘጠነኛው ደግሞ «የአገር ናፍቆት»።

አንድ ነገር ሲያስገርመኝ ከረመ። ፒያኖ ተሸክሞ የሚሰደድ ሰው የለም። ክራር ታነግባለህ፣ ዋሽንት ኪስህ ትከታለህ። ፒያኖ ግን ባለበት ይቀራል። ከአገሩ የተነቀለ ሰው ይዞት የሚሄደው ጣቶቹን ነው፤ በሄደበት ሁሉ የሰው ፒያኖ ላይ ተቀምጦ የራሱን አገር ይፈልጋል። ፖላንዳዊው የፒያኖ ሙዚቃ ደራሲ ሾፐን እንዲሁ ነበር። በ20 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1830 ከዋርሶ ወጣ፤ በዚያው ወር አገሩ ውስጥ አመፅ ተነሳ፤ ሳይመለስ በ1849 ፓሪስ ሞተ። ፓሪስ ተቀምጦ ግን ማዙርካ የሚባለውን የፖላንድ ገጠር ጭፈራ በፒያኖ እየጻፈ ኖረ። ልቡን እህቱ ወደ ዋርሶ ወሰደችው፤ ዛሬም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አለ። ሩሲያዊው የሙዚቃ ደራሲና ፒያኖ ተጫዋች ራህማኒኖፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1917 ከሩሲያ ከወጣ በኋላ ለብቻ ፒያኖ የጻፈው ትልቅ ሥራ አንድ ብቻ ነው። አንዱ ስደት አስጻፈው፣ ሌላው ላይ ዝምታ ወረደበት። እማዬ ላይ የወረደው ሁለተኛው ነው።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። አንድ ቀን ማታ መብራት ጠፋ። እማዬ ሻማ አብርታ እሸት ባቄላ ትፈለፍላለች። እኔ ስልኬን ባዶ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አስቀምጬ አልበሙን ከፈትኩት፤ ሳህኑ ድምፁን ከፍ ያደርገዋል፣ ሞክሩት። ምንም አላለችም። ስምንተኛው ላይ ሲደርስ «ይሄ የባሕር መዝሙር ነው የሚባለው» አልኳት።

«የትኛው ባሕር?»

«እኔ እንጃ፣ ባሕር ነው የሚለው።»

ትንሽ አዳመጠች። «የአሰቡ እንዲህ አይደለም» አለች። «የአሰቡ ቀን ቀን ዝም ነው የሚለው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ነው የሚያወራው።»

ባቄላው እጇ ላይ ቆመ። ከዚያ በኋላ ያወራችውን በ30 ዓመት ዕድሜዬ አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም። ሙቀቱ ሲብስ አልጋ ወደ ውጭ እንደሚወጣ፣ ሰፈሩ በሙሉ ደጅ እንደሚያድር፣ አራስ ጎረቤቷን ሌሊት በጨርቅ እያራገበች እንዳስተኛቻት። የወጣችበት ቀን ጠዋት ደግሞ አንሶላ አጥባ አስጥታ ነበር። ሁለት አንሶላ፣ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ቢጫ አበባ ያለበት። ቶሎ እንመለሳለን ብላ እንደተሰጣ ትታው ወጣች። «እዛው ቀረ» አለች። «ማን እንዳነሳው አላውቅም።» ዜማው ካለቀ ቆይቷል፤ ስልኩ ወደ ቀጣዩ ሄዷል፣ የአገር ናፍቆት ወደሚለው። እኔ ርዕሱን አልነገርኳትም።

እኔ የምለው፣ ግጥም ያለው ዘፈን ቢሆን ይህ አይሆንም ነበር። የናፍቆት ዘፈን እኛ ሞልቶናል፤ እማዬም ትወዳለች፤ ግን ዘፋኙ የራሱን ነገር ስለሚናገር እሷ የሱን እያዳመጠች የራሷን ትውጣለች። እዚህ ግን የሚናገር የለም። ባዶ ቦታ አለ። እሷ ገባችበት።

ጉድለት የለውም ወይ? አለው። ቀረጻዎቹ ብዙዎቹ የቆዩ ናቸው፤ የእማሆይ የመጀመሪያ ሸክላ ጀርመን የታተመው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው፣ አዲስ ስቱዲዮ የለመደ ጆሮ ድምፁ ትንሽ ደብዛዛ ይሆንበታል። 16ቱን በአንድ ጊዜ ከሰማችሁ እርስ በርስ ይመሳሰሉባችኋል፤ እኔም መጀመሪያ አምስተኛውን ከሦስተኛው አልለይም ነበር። ርዕሶቹ በእንግሊዝኛ መሆናቸው ደግሞ ከልቤ ያሳዝነኛል። እንደ እማዬ ያለ ሰው እያነበበ መምረጥ ነበረበት፤ አሁን እኔ እየተረጎምኩ ነው የምነግራት፣ ትርጉሜም ሁልጊዜ ልክ አይሆንም። ሌላው፣ ይህ ለካፌ የሚሆን አይደለም። አዳማ ውስጥ አንድ ቤት ከፍተውት ሰማሁ፤ የጁስ መፍጫው፣ የባጃጁ ጥሩምባ፣ የሰዉ ወሬ፤ እማሆይ መሀል ላይ ጠፍተዋል። ባለቤቱ አስቦበት መክፈቱን አከብራለሁ፣ ግን ጸጥታ ይፈልጋል።

በየትኛው ልጀምር ለምትሉ፣ በአንደኛው ጀምሩ፣ ከዚያ ስድስተኛውን የእናት ፍቅርን፣ ከዚያ ስምንትና ዘጠኝን አከታትሉ። ሁለተኛውን ሐዘን ላይ ያለ ሰው ቢያቆየው ይሻላል፤ ርዕሱ የሟች የመጨረሻ እንባ ነው፣ ከባድ ነው። የአዳማን ነፋስ የምታውቁ ደግሞ 14ኛውን የነፋስ ታሪክን እንዳትዘሉት። እኛ ሰፈር ከሰዓት በኋላ አቧራው ሲነሳ መስኮት ዘግቼ ነው የምሰማው።

ከቤቱ ወጥቶ ያልተመለሰ ወላጅ ያላችሁ፣ ከድሬዳዋ ይሁን ከጅግጅጋ፣ ከአስመራ ይሁን ከወለጋ፣ ለብቻችሁ አትስሙት። አጠገባቸው ተቀምጣችሁ ክፈቱት። አትጠይቁ። እጃቸው ሥራ ይያዝ፤ ቡና ይቁሉ፣ ምስር ይልቀሙ። ካወሩ አዳምጡ። ዝም ካሉም ዜማው ብቻውን ጥሩ ነው።

ትናንት ማታ መብራት ነበር። እማዬ ከኩሽና ገብታ ተቀመጠች፣ ድራማዋ ሊጀምር ነው። «ቴሌቪዥኑን አጥፊውና» አለችኝ፣ «ያቺን የባሕሯን ክፈቺልኝ።» ሳህኑን ራሷ ይዛ ነው የመጣችው።