ኮፒ ማድረግ ወይስ ክፍት ላይሰንስ? ለአስተማሪ የቱ ይሻላል
ከመጽሐፍ ሁለት ሶስት ገጽ ኮፒ አድርጋችሁ ለተማሪ ብታድሉ የቅጂ መብት አዋጁ (ቁጥር 410/1996) ለማስተማሪያ እስከሆነ ይፈቅዳል፣ ግን በልኩ ነው፣ ምንጩና ደራሲውም ይጠቀስ። ልኩ ስንት ገጽ ነው ካላችሁ ቁጥር አልተቀመጠም፣ ሙሉውን ስካን አርጎ ቴሌግራም ላይ መልቀቅ ግን ከልክ እንደሚያልፍ ግልጽ ነው (ሁሉም የሚያደርገው እሱን ቢሆንም 😅)።

ክፍት ላይሰንስ ላይ (ባለመብቱ ምን ማድረግ እንደሚቻል አስቀድሞ ጽፎ የፈቀደበት ማለት ነው) እንደዛ መገመት የለም። ነጻ የመማሪያ መጻሕፍት የሚያወጣው የኦፕንስታክስ (OpenStax) ባዮሎጂ ለምሳሌ ላይሰንሱ ሲሲ ባይ (CC BY፣ ምንጭ እስከተጠቀሰ ሁሉን የሚፈቅድ) ስለሆነ ምንጩን ጠቅሳችሁ፣ የቀየራችሁትንም ተናግራችሁ፣ ፕሪንት አድርጉት፣ ቆራርጡት፣ ወደ አማርኛ መልሱት፣ ቴሌግራም ላይም ልቀቁት። የኦፕንስታክስ ካልኩለስ ግን ኤንሲ (NC) የሚል ገደብ አለበት፣ ለንግድ አይሆንም። ኤንዲ (ND፣ ቀይሮ ማጋራት አይቻልም የሚል ገደብ) ያለበትን ደሞ ተርጉሞ ማጋራት ክልክል ነው።

እኔ ለሳይንስ ክፍቱን ነው የምመርጠው፣ ለአማርኛ ልቦለድ ግን ያው ኮፒ ቤት ነው።