የመኪና ኢንሹራንስ፦ ላያቢሊቲ ብቻ ወይስ «ፉል»? ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዲሲ ለምትነዱ

«ፉል ነው ያለኝ» ብሎ ዘና ያለ ሰው ስታገኙ «ስንት በስንት?» በሉት። አብዛኛው ሰው አያውቀውም። እኔም ለዓመታት አላውቀውም ነበር። ገንዘቡ በየወሩ ከባንክ ይቆረጣል፣ ካርዱ መኪናው ውስጥ አለ፣ በቃ። «ፉል» የሚባል ኢንሹራንስ ግን የለም። ላያቢሊቲ፣ ኮሊዥን (የራሳችሁ መኪና ሲጋጭ የሚጠግነው) እና ኮምፕሪሄንሲቭ (ለስርቆት፣ ለእሳት፣ ለጎርፍና ለመሳሰሉት) አንድ ላይ ሲገዙ ነው ሰው ፉል የሚላቸው።

ላያቢሊቲ የሚከፍለው እናንተ ለጎዳችሁት ሰው ነው። ለእናንተ መኪና አምስት ሳንቲም የለውም። ቨርጂኒያ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ዝቅተኛው 50/100/25 ነው። ለአንድ ተጎጂ 50 ሺህ ዶላር፣ በአንድ አደጋ ለተጎዱት ሁሉ 100 ሺህ፣ ለንብረት 25 ሺህ ማለት ነው። ሜሪላንድ 30/60/15፣ ዲሲ 25/50/10።

አሁን 395 ላይ ትራፊኩ ድንገት ቆመና ፊታችሁ ያለውን የ45 ሺህ ዶላር መኪና ከጥቅም ውጪ አደረጋችሁት እንበል። በዲሲ ዝቅተኛ ኢንሹራንስ 10 ሺው ይከፈላል። ቀሪው 35 ሺህ እናንተን ፍለጋ ይመጣል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፦ «ፉል» ቢኖራችሁም ያው ነው። ኮሊዥን የሚጠግነው የራሳችሁን መኪና እንጂ የሰውየውን አይደለም።

ስለዚህ በዝቅተኛው ቁጥር የተገዛ «ፉል»ና 100/300/100 የሆነ ላያቢሊቲ ብቻ ቢቀርቡልኝ፣ መኪናዬ አሮጌ ከሆነ ዓይኔን ሳላሽ ሁለተኛውን እወስዳለሁ። ከዝቅተኛው ወደዚያ ከፍ ለማለት የሚጨመረው ብር ብዙ ጊዜ ሰው ከሚፈራው ያንሳል። ኮት (የዋጋ ግምት) አስጠይቃችሁ እዩት። ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ቢገጫችሁ የሚከፍላችሁ «አንኢንሹርድ ሞተሪስት» የሚባለው ክፍልም አብሮ ከፍ ማለቱን አረጋግጡ፣ እሱ የራሳችሁ አካል ነው።

ኮሊዥንና ኮምፕሪሄንሲቭ ደግሞ ሰው እንደ አንድ ነው የሚያያቸው። በኖቬምበር ማታ አጋዘን ዘላ ገባችባችሁ። ከገጫችኋት ኮምፕሪሄንሲቭ ነው። እሷን ላለመግጨት መሪ ጠምዝዛችሁ ዛፍ ከመታችሁ ግን ኮሊዥን ይሆናል። ፕሪየስ ያላችሁ ደግሞ ይሄን ታውቁታላችሁ፦ ጠዋት ስታስነሱት መኪናው እንደ ትራክተር ያጓራል፣ ጎንበስ ብላችሁ ስታዩ የጭስ ማጣሪያው፣ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ፣ ተቆርጦ ሄዷል። ይሄም ኮምፕሪሄንሲቭ ነው። ስርቆት፣ እሳት፣ ጎርፍ፣ የወደቀ ዛፍ፣ ሁሉም እዚያው። አብዛኛውን ጊዜ ከኮሊዥን በጣም ይረክሳል፣ ብቻውን መያዝም ይቻላል። «ፉሉን ላውርደው» ብላችሁ ሁለቱንም አብራችሁ አትጣሉ።

ኮሊዥኑን መቼ ልጣለው? የባንክ ዕዳ ካለበት ጥያቄው የእናንተ አይደለም፣ ባንኩ ሁለቱንም ያስገድዳል። ዕዳ ከሌለ ሒሳቡ ቀላል ነው። መኪናው ዛሬ ቢሸጥ 4,500 ያወጣል፣ ዲዳክቲብሉ፣ ማለትም ኢንሹራንሱ ከመክፈሉ በፊት ከኪሳችሁ የምትችሉት፣ 1,000 ነው እንበል። ቢበዛ ቢበዛ 3,500 ነው የምታገኙት። ለዚያ በዓመት 650 የምትከፍሉ ከሆነ እኔ አልከፍልም።

አንድ ግን አለ፣ ያውም ትልቅ። አብዛኛው የአሜሪካ ግዛት ጥፋትን በፐርሰንት ያካፍላል። ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዲሲ ግን ሹፌርና ሹፌር ሲጋጩ አንድ ፐርሰንት ጥፋት እንኳ ከተገኘባችሁ የሌላው ሰው ኢንሹራንስ ምንም አልከፍልም ሊል ይችላል። «እሱ ነው የገጨኝ» ማለት አይበቃም። እንዲህ ሲሆን መኪናችሁን የሚጠግነው የራሳችሁ ኮሊዥን ብቻ ነው። ስለዚህ መኪናው ነገ ባይኖር ሌላ መግዣ የሌለው ሰው፣ አሮጌም ቢሆን ኮሊዥኑን ያቆየው።

ኡበርና ሊፍት ለምትሠሩ ነገሩ ሌላ ነው። ተሳፋሪ ከተቀበላችሁ በኋላ የኩባንያው 1 ሚሊዮን ላያቢሊቲ አለ። አፑ ተከፍቶ ጥሪ ስትጠብቁ ግን የኩባንያው ሽፋን ለሌላው ሰው ነው፣ ለመኪናችሁ አይደለም፤ የግል ኢንሹራንሳችሁ ደግሞ «ሥራ ላይ ነበርክ» ብሎ ይወጣል። አንድ ጓደኛዬ ይሄ ደርሶበት ለሁለት ወር ያለ ሥራ ተቀምጧል። ራይድሼር የሚባለውን ጭማሪ ግዙ። ደብቆ መሥራት ርካሽ የሚመስለው ክሌም (የካሳ ጥያቄ) እስኪመጣ ድረስ ነው።

ዋጋ ለማውረድ መጀመሪያ ዲዳክቲብሉን ንኩት። ከ500 ወደ 1,000 ሲወጣ በወር 15 ዶላር ከቀነሰ ልዩነቱን በሦስት ዓመት ውስጥ ትመልሳላችሁ፣ ግን ያ 1,000 ባንክ ውስጥ መኖር አለበት። የስድስት ወሩን በአንዴ መክፈል ይረዳል። ቨርጂኒያ ውስጥ 55 ዓመት የሞላው ሰው የተፈቀደውን የመንዳት ኮርስ ከወሰደ ቅናሽ የማግኘት መብት አለው፣ ለእማዬና ለአባዬ ንገሯቸው። ለቅናሽ ተብሎ አነዳዱን የሚከታተለው የኢንሹራንሱ አፕ ማታ ማታ ለሚሠራ ሰው አይመከርም፣ እኩለ ሌሊት መንዳትን ብዙዎቹ አይወዱትም። ርካሽ ሰፈር ያለ ዘመድ አድራሻ መስጠት የሚባለውን ግን ተዉት። ሲታወቅ ክሌሙ ሊሰረዝ ይችላል።

አገር ቤት ለሁለት ወር ስትሄዱም አትሰርዙት። ታርጋው ሳይመለስ ኢንሹራንስ ከተቋረጠ ቅጣት አለው፣ ስትመለሱም «ክፍተት አለብህ» ተብሎ ዋጋው ይጨምራል። ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ መኪናው እንደሚቆም ንገሯቸውና ምን መቀነስ እንደሚቻል ጠይቁ።

ኮት ስታወዳድሩ ለሁሉም አንድ ዓይነት ቁጥር ስጡ፦ ያው ላያቢሊቲ፣ ያው ዲዳክቲብል። አንዱ በወር 40 ዶላር ከረከሰ ወረቀቱን አገላብጡት፣ ብዙ ጊዜ ንብረቱ 100 የነበረው 25 ሆኖ ታገኙታላችሁ።